ለሁለት እናቶች የተደወለ ስልክ

ባቡሩ ገና ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ አንድ እሑድ፣ የሰፈራችን እድር ስለ ወጣቶች ሊነጋገር ተሰበሰበ። ልጆቹ ጫት ላይ ውለው ያድራሉ፣ አባት ሲናገር ቃል ይመልሳሉ ተባለ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና በግድ ይመለስ፤ መንግሥትን እንጠይቅ። ሰው እንደሚያደርግ ምስክር ከፈለጋችሁ ይኸው!" ብለው እኔን አሳዩ። እሳቸው የወለዱት ሴት ሴቱን ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉት ይህን ነው።

ስለኔ ያሉት ግን እውነታቸውን ነው። በልጅነቴ አቃቂ ጣቢያ አካባቢ በባቡር ላይ ድንጋይ የምወረውር ዱርዬ ነበርኩ። ቀበሌ ለውትድርና የወሰደኝ ከጎረቤታችን አንድያ ልጅ ጋር ነው። ማሠልጠኛው እንደገባን ለየብቻ ደለደሉን፤ እኔን መኪና ክፍል፣ እሱን እግረኛ ጦር። እኔ ማርሽና ፍሪሲዮን ስማር እሱ ምሽግ ይቆፍር ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ግራ ጆሮዬን ፈንጂ አደንቁሮት በቦርድ ተሰናበትኩ። መንዳቱን ግን ይዤው ወጣሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።

የባቡር ሠራተኞች በጣቢያ ስልክ ወሬ ያቀባብሉ ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ሰፈሩ ከባቡሩ ቀድሞ ይሰማል። እኔ ስመለስ ደብረ ዘይት ላይ ያየኝ ሠራተኛ ለአቃቂ፣ "የሰፈራችሁ ወታደር እየመጣ ነው" ብሎ ደወለ። የማን ልጅ እንደሆነ እሱም አልተናገረ፣ የሰማውም አልጠየቀ። እናም ስወርድ ሁለት እናቶች እልል እያሉ ደረሱ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጎረቤታችን እማማ ግን ከኋላዬ የሚወርድ ካለ ብለው የፉርጎውን በር ያዩ ነበር። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እማማም እልልታቸውን ለኔ ቀጠሉልኝ።

ማታ፣ ወሬውን ሲሰሙ ለልጃቸው ያሳረዱትን ዶሮ ከነድስቱ ይዘው መጡ። "ለመጣ ሰው ነው የታረደው፤ ብላ" አሉኝ። በላሁ። ርቦኝ ስለነበር ጠግቤ በላሁ። እስካሁን ዶሮ ሲቀርብልኝ አፍራለሁ።

ይኸው እድር ለዚያ ልጅ ድንኳን ጥሎ አያውቅም። መርዶ ሳይመጣ ድንኳን አይጣልም፤ ለእሳቸው ደግሞ መርዶ ያመጣ የለም።

ሊቀመንበሩ ሲጠሩኝ ተነሣሁ። አልጠቀመኝም ብል ውሸት ነው። ጠቀመኝ እንዳልል እማማ ከቀኜ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

"ተናገር እንጂ ልጄ" አሉኝ እማማ። "አንተን ጠቅሞሃል፤ በዓይናችን አይተናል።"

"ጠቅሞኛል" አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። ተጨበጨበልኝ። እንደዚያን ቀን ጭብጨባ ጠልቼ አላውቅም።

እማማ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁና ወደኔ ዘወር አሉ። "የኔስ ልጅ መንዳት ተምሮ ነበር?"

እንዳልሰማ ሆኜ ብቀመጥ በወደድኩ። የደነቆረው ግን ግራ ጆሮዬ ነው፤ እሳቸው በቀኜ ናቸው።

"ተምሮ ነበር፣ እማማ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ሊቀመንበሩ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲሉ፣ "እንግዲያስ ልጆቹ ይሂዱ" ብለው ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።