እናቴ ያላለቀሰችው ለቅሶ

ልጅ እያለሁ ከሽታ ሁሉ የምጠላው በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። የእኛ አገር ሰው ቅቤ ሲሸተው ሠርግ ነው የሚታወሰው፣ የአራስ ቤት ነው፣ ዓውደ ዓመት ነው። እኔ ግን ዛሬም ደብረ ማርቆስ ገበያ በቅቤ ሻጮቹ በኩል ሳልፍ ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብ አድርጌ ነው። ምክንያቱን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። በእኔና በእናቴ መካከል ያለ ነገር ነበር፤ እሷም አፈሩን ገለባ ያድርግላትና ካረፈች ቆይታለች።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነበር። ከአጥራችን ሥር ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነበረ፤ የሠፈሩ ሴት ልጆች እዚያ ላይ ተሰብስበን ቅልሞሽ እንጫወታለን። የባቄላ እሸት ሲደርስ እጃችን ሁሉ እሸት እሸት ይላል። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ጣሊያን ማለት ከሩቅ የሚሰማ የመኪና ድምፅ ነበር፣ ትልልቆቹ ወሬ እያወሩ እኛ ስንደርስ ዝም ማለታቸው ነበር። እኩዮቼ ይህን አትረሱትም። አዋቂ ሰው እየፈራ እንዳልፈራ ሲሆን ከልጅ የሚሰወር ይመስለው ነበር።

አባቴ ታረቀኝ የበቅሎ ነጋዴ ነው፤ አገር የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ጉንደ ወይን እሄዳለሁ ብሎ ይወጣና ሳምንታት ቆይቶ ይመጣል። አንዳንዴ በቅሎ ይዞ፣ አንዳንዴ ባዶ እጁን። ሲመጣ ልብሱ ጢስ ጢስ ይላል። ከኩታው ጫፍ የቋጠረውን የሽንብራ እሸት ፈትቶ ከፊቴ ያፈስልኝና እኔ ስፈለፍል ቁጭ ብሎ ያየኛል። ነጋዴ ለምን ጢስ ጢስ እንደሚል፣ ያለ በቅሎ ተመልሶ ለምን ደስ እንደሚለው አልጠየቅሁም። ልጅ ምን ያውቃል።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ ላይ ነው የሚነገረው። ከዚያ ኡኡታው ይነሣል፣ አገር ይሰማል። የአባቴን መርዶ ያመጡት ግን የንስሐ አባታችን ብቻ ናቸው፤ ዲማ ገዳም የተማሩ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ቄስ። እናቴ አንጓች ላም እያለበች ነበር። ወደ ቤት አስገቧት፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ታረቀኝ ቆላ ወርዶ ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጋ መውደቁን፣ ጓደኞቹም እዚያው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ እንደቀበሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። እናቴ አፏን ከፈተች። ቄሱም ወዲያው በመዳፋቸው ከደኑት።

ከውጊያው በኋላ ባንዳው በየመንደሩ ለቅሶ ይሰልል ነበር። የሞቱት አርበኞች ስማቸው አልታወቀምና የማን ቤት እንዳለቀሰ ማወቅ በቂ ነው። ከማዶ አንድ ቤት ማለዳ ተለቅሶበት እኩለ ቀን ሳይደርስ አመድ ሆኗል፤ ከብቱም ተነድቷል። ቄሱ ይህን ነገሯትና እጃቸውን ከአፏ ሳያነሡ እንዲህ አሏት።

“አንጓች፣ ያለችሽ ልጅ ይህች ብቻ ናት። ዛሬ ካለቀስሽ ነገ የምታለቅሺበት ቤት አይኖርሽም።”

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ቄሱ ከሄዱ በኋላ ተመልሳ ላሟን አልባ ጨረሰች። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ዝም ማለት ብቻውን አይበቃም ነበር። የእኛ አገር ሐዘንተኛ ሴት ከሩቅ ትታወቃለች። ፀጉሯን ትላጫለች፣ ፊቷን ትነጫለች፣ ማቅ ትለብሳለች። ባሏ የሞተባት አለመሆኗን ማሳየት የፈለገች ደግሞ የዚህን ሁሉ ተቃራኒ መሆን አለባት። እናቴ የበዓሉን ቀሚሷን አወጣች። ከቅሉ ቅቤ ዛቀችና ሹሩባዋን በአደስ በታሸ ቅቤ እስኪንጠባጠብ ድረስ ቀባችው። መስተዋት ይዛ ዓይኗን ተኳለች። ኩል የተኳለ ዓይን አያለቅስም፤ ካለቀሰም ጉንጭ ላይ ይጻፋል። ከዚያ እኔን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ አናቴን ቀባችኝ። እጇ ይከብድ ነበር። አባትሽ ጉንደ ወይን ነው፣ ለፋሲካ ይመጣል በዪ አለችኝ። ብታለቅሺ ቤታችን ይቃጠላል አለች።

የዚያኑ ቀን ይጁቤ ገበያ ወጣን። የምንሸጠው ነገር አልነበረንም፤ አንዲት ዶሮ አንጠልጥላ ነው የሄደችው። ፀሐዩ ቅቤውን እያቀለጠ በግንባሬ፣ በአንገቴ ያወርደዋል። እናቴ ካገኘችው ሁሉ ጋር ትሳለማለች፣ ትስቃለች፣ በዶሮዋ ዋጋ ትከራከራለች። አያ ደምሌ ያገኘን እዚያ ነው። ለአባቴ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ያኔ ለጣሊያን አድሮ ጠመንጃ አንግቷል። ፀጉሯን አየ፣ ዓይኗን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ብዙ አየኝ። ታረቀኝ ወዴት አለ ብሎ ጠየቀ። ለበቅሎ ጉንደ ወይን እንደወረደ ነገረችውና ሚስት አለኝ ብሎ የሚቸኩል ሰው እንዳይመስልህ ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከጦር ሜዳ ተመለስን እያሉ ሲፎክሩ ያየኋቸው ወንዶች ብዙ ናቸው፤ የእናቴን ያን ሳቅ የሚያህል ጀግንነት ግን አላየሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤታችን እማሆይ አመተ ማርያም አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በሰላም። መንደሩ ሁሉ ለለቅሶ ወጣ፣ እናቴም በቅቤ የራሰ ፀጉሯን በነጠላ ሸፍና እኔን ይዛ ወጣች። የአገሩ አልቃሽ እማማ ትርንጎ ድምፅዋን ስታነሣ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔም የደበቅሁትን መያዝ አቃተኝ። አለቀስኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ይህች ልጅ እማሆይን እንዴት ትወዳቸው ነበር እያሉ ሲያደንቁኝ እሰማለሁ። እኔም ሲያደንቁኝ ይበልጥ አለቀስኩ። ድንገት ግን ከአፌ “አባዬ! አባዬ!” የሚል ወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ከወንዶቹ መካከል አያ ደምሌ ቀና ሲል አየሁት። ከዚያ ያየሁት የእናቴን እጅ ነው። በሕይወቷ መትታኝ የማታውቅ ሴት ጆሮዬ እስኪጮህ በጥፊ መታችኝ።

“ምን ያለችው ሟርተኛ ናት! በቁሙ ያለ አባት ይለቀስበታል?”

ሴቶቹ በጠላት ይሁን እያሉ አማተቡ። እውነታቸውን ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም በለቅሶ ላይ ከተጠራ ክፉ ምልኪ ነው፤ እናትም ልጇን እንዲህ ስላለች ብትመታት የሚፈረድባት አልነበረም። አያ ደምሌም አንገቱን መልሶ ደፋ። ቤታችን የዳነችው በዚያ ጥፊ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ ጉንጯን ከተመታው ጉንጬ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንባዬ ደረቀ። ሲከፋኝም ዓይኔ አይረጥብም።

ፋሲካ መጣ፣ አባቴ አልመጣም። ሰው መጠየቅ ሲጀምር እናቴ የባሰውን አደረገች። ታረቀኝ ጉንደ ወይን ሌላ ሚስት አግብቶ ቀረ ብላ ራሷ አወራች፤ ወንዝ ወርዳ አወራች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አወራች። ለአገሩ የሞተ ባሏን ቤቱን የከዳ ሰው አደረገችው። አንዳንዶቹ አዘኑላት፣ አንዳንዶቹ ቅቤሽን ለማን ብለሽ ነው የምትቀቢው እያሉ ተሳለቁባት። ቅልሞሽ ስንጫወትም የአባቴ ነገር ይነሣብኛል፤ እኔ ጠጠሬን መወርወር እቀጥላለሁ።

ጠላት ለቆ ሲወጣ አገሩ የቆየ ሐዘኑን አወጣ። በየመንደሩ ስማቸው ተደብቆ የነበረ ሙታን ተጠሩ፣ ተለቀሰላቸው። የንስሐ አባታችን መጥተው አንጓች እንግዲህ አልቅሺ አሏት። ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር። አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ “አባቴ፣ ስሙን በየወንዙ ሳጎድፍ ኖሬ አሁን በምን አፌ ልጥራው?” አለች። ፍትሐቱም ተዝካሩም በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ተደረገ፤ ከቄሶቹ በቀር ለማን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። መንደሩ ታረቀኝን ጉንደ ወይን ትዳር እንደያዘ ቆጥሮ ተወው። አያ ደምሌ ደግሞ ጥቂት ከረመና ሽማግሌ ሆኖ ሰው ማስታረቅ ጀመረ። እንዲህም ይሆናል።

እኔም አድጌ ደብረ ማርቆስ ተዳርኩ። ስወልድ ድምፄን ባለማሰማቴ አዋላጆቹ አመሰገኑኝ፤ ጎበዝ የጎበዝ ልጅ አሉኝ። ጉብዝና አልነበረም። ልጆቼ ወድቀው ሲያለቅሱ ቁስላቸውን ከማየቴ በፊት እጄ አፋቸው ላይ ነው። ማን እንዳስተማረኝ አውቃለሁ፤ እሷን ማን እንዳስተማራትም አውቃለሁ። ማወቅ ግን እጅን አይመልስም። እናቴን እጠይቃታለሁ፣ እጦራታለሁ፣ እግሯን አጥባለሁ፤ ስለ አባቴ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ስለዚያ ጥፊ ቂም ይዤባት ኖሬአለሁ፤ እንዳዳነችኝ እያወቅሁ።

የሞተችው በደዌ ተኝታ ነው፣ እጄን ይዛ። ለቅሶዋ ላይ እንደ ግንድ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል፤ ልጅ ናት ይህች? ልቧ ድንጋይ ነው ይላሉ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። እናቴ ያለ እንባ አፈር ልትገባ ነው ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ላባቴ እንደሆነችው እኔም ለእሷ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

እማማ ትርንጎ ያኔ በጣም አርጅተዋል፤ በሰው ተደግፈው መጡ። አልቃሽ ከማልቀሷ በፊት የሟችን ወገን ስለ ሟች መጠየቅ ወጓ ነው፣ ስለዚህ አጠገቤ መቀመጣቸውን ማንም ልብ አላለውም። ጆሮዬ ላይ ተጠግተው እንዲህ አሉኝ።

“ያን ቀን ስትመታሽ እጇ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር እኔ አይቻለሁ፣ ልጄ። ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። እሷ በሕይወት ሳለች ምስጢሯን አላወጣም ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን ታረቀኝን አብሬ ልጥራው?”

“ይጥሩት እማማ” አልኳቸው፤ የወደቀበትንም ቆላ ነገርኳቸው።

ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ግን ይሰማል።

“ኩሉን ተኳኩላ ቅቤ ተቀብታ፣
ባሏን ቀበረችው ገበያ ወጥታ።”

ያን ዘመን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። በወንዝ ዳር የተሳለቁባት ሴቶች፣ አሁን ፀጉራቸው የሸበተ፣ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ትርንጎ የአባቴን ስም ጠሩ፣ የወደቀበትን ቆላ ጠሩ፣ የእናቴን ስም ከእሱ ጋር አያይዘው ጠሩ። ያኔ ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። የአዋቂ ሴት ለቅሶ አልነበረም፤ ልጅ እንደሚያለቅስ ነው ያለቀስኩት። እናቴንም አባቴንም አለቀስኩ፣ ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ። ቂሜ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ትልቋ ልጄ ከጎኔ ናት፤ ያኔ የተማሪ ቤት ልጅ ነበረች። ግራ ገብቷታል። “እማዬ፣ አያቴ ጥሎሽ ሄዶ አልነበር?” አለችኝ። እናቴ በወንዝ ዳር የጣለችው ወሬ የልጅ ልጇ ድረስ ደርሶ ኖሯል፤ እውነቱ ሳይደርስ። እዚያው ይጁቤ መንገድ ዳር ተቀምጠን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ያኔ እኔ ልጅ ሳለሁ እንባ ቤት ያቃጥል ነበር፤ አባት ብሎ መጣራት ከብት ያስነዳ ነበር። አሁን ያ መንገድ መንገደኛ እያወራ የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ የሚሰልልም የለም። እሷ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ እንድታውቀው ማስረዳትም ከባድ ነበር።

ነግሬአት ስጨርስ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ ድምፅዋ ትልቅ ነው። መንገደኞች ዞር ብለው አዩን፣ የእኔም እጅ እንደለመደው ወደ አፏ ሄደ። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ መለስኩት፤ ተቸግሬ ነው የመለስኩት። ትከሻዋን አቅፌ “አልቅሺ ልጄ፣ ይስሙን” አልኳት።