ለእናቴ የሳሳው ባሌስትራ

ልጅ ሳለሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ መኪና ማለት ሎሪና ትራክተር ነበር። ሁሉም ረጃጅም፣ ሁሉም ጥቁር ጭቃ የለበሰ። ዝቅ ያለች መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፤ የሰሊጥ ነጋዴው የሐጅ ኢድሪስ ቀይ የስፖርት መኪና። በወጣትነታቸው ከፖርት ሱዳን ያመጧት ናት ይባላል። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ እኛ ልጆች እንኳ ከላይ ሆነን የምናያት ነበረች። ስታልፍ ከኋላዋ እንደ አሮጌ አልጋ ትንቋቋለች። እየተከተልን እንስቅባት ነበር።

አባቴ መካኒክ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከጎንደር በኩል ወጥቶ ገዳሪፍ የቀረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። የግሪስና የናፍጣ ሽታው ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ያስቆመኛል።

በዚያ ዓመት እናቴ ታመመች። ሕመሙ ወገቧ ውስጥ ገብቶ መቀመጥም መተኛትም ነሳት። ሐኪሙ ከሰላ ከተማ ሆስፒታል ውሰዷት አለ። በሎሪ ጋቢና አሳፈርናት፤ ገና ከገበያው ሳንወጣ ጮኸች። እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ሎሪውን አስቁሞ አዝሎ መለሳት። አውቶቡስም ሞከርን፣ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እኔ ጧትና ማታ ለኪዳነ ምሕረት እሰግዳለሁ፣ አባቴ ደግሞ የማይነቀንቅ ባገኝ ብሎ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያያል።

ሐጅ ኢድሪስ ይህን ሰምተው መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ግቢያችን አስገቧት። ሱዳኖች ባለሙያን እንደሚጠሩት፣ “ኡስታ” አሉት አባቴን፤ “ይህች መኪና እንደ እኔ ናት። ፊቷ ደህና ነው፣ ያለቀው ወገቧ ነው። ካዳንካት ሚስትህን ውሰድባት።”

አባቴ አማትቦ ጀመረ። የኋላዋን በክሪክ አንስቶ በባቡር ሐዲድ ግንድ ላይ አሳረፋት። ባሌስትራው፣ ከኋላ የሰውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ አንዱ ዝርግ ብረቱ ተሰብሮ ነበር። ጫፉን የሚይዘው ትንሽ ጎማ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። መለዋወጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የተሰበረውን ብረት የገበያው አንጥረኛ በሌላ ተካለት። ጎማውን አባቴ ከአሮጌ የሎሪ ጎማ ቆርጦ፣ ቢላውን በሳሙና ውኃ እያራሰ ሁለት ቀን ሙሉ ክብ አድርጎ ሲቀርጸው ዋለ። እኔ የሳሙናውን ጣሳ እይዝ ነበር።

ሁሉን ገጣጠመ፤ ብሎኖቹን ግን አላጠበቀም። ለምን ስለው፣ “አየር ላይ እንዳለች ካጠበቅሁት ጎማው ተጣሞ ይቀደዳል። ብሎኑ የሚጠብቀው የሚሄድባት ሰው ተቀምጦባት ነው” አለኝ። ያን ያህል ሲያወራ ብዙ ጊዜ አልሰማሁትም።

መኪናዋን በእግሯ አቆማት። እሱ ከሥር ስለሚገባ፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ በራሱ ክብደት ልክ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ሰፍሮ አስቀመጠ። እናቴን ደግፈን ከጎኑ አስገባናት። ጆንያውን አየችው። ሐጅም እንዲሰሙ በዓረብኛ፣ “ይሄኛው ይሻለኛል፤ ከአንተ ይልቅ ይጫወታል” አለች። ሐጅ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አባቴ ከሥር ገባ። በእናቴ በኩል ካለው የመኪናዋ እግር በላይ ያለውን ክፍተት በስንዝሩ ለካ። እንደገና ለካ።

“ተቀምጠሻል?” አላት።

“ተቀምጫለሁ።”

“ደገፍ ብለሽ በደንብ ተቀመጪ እንጂ።”

“ተቀምጫለሁ አልኩህ እኮ” አለች ቀስ ብላ። “የቀረሁት ይህቺው ነኝ።”

በእሷ በኩል መኪናዋ ምንም አልወረደችም ነበር። ከውጭ የሚታየኝ የአባቴ እግር ብቻ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ሐጅ ኢድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ እያለቀች መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ወጥቶ እጁን ጠረገ፤ የለፋበትን ሁሉ መልሶ ፈታው። ባሌስትራው ለእንዲህ ያለ ቀላል ሰው ድርቅ ይላልና፣ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ብረት አውጥቶ አሳሳው።

“ኡስታ፣ አሁን በዚህ ውፍረቴ እኔ ብቀመጥባት ሆዷ መሬት ይነካል” አሉ ሐጅ።

“እርስዎ አይቀመጡባትም።”

“እንግዲያውስ እሷ እስክትመለስ አህያ አለኝ” አሉ።

በማግሥቱ ጧት ሄዱ። ወንበሩ ሁለት ነውና እኔ ከጎረቤት ቀረሁ። እናቴ እጇን አውጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። መኪናዋ ከበራችን ስትወጣ አልተንቋቋችም።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ብቻውን ተመለሰ። እናቴን እዚያው ከሰላ ቀብሯት ነበር። ጎረቤቶች አልቅሰው ሲበተኑ አጠገቤ ተቀምጦ፣ “ከሾዋክ ከተማ ጀምሮ እስከ ከሰላ ድረስ መንገዱን ሁሉ ተኛች” አለኝ። ሌላ አልነገረኝም። እኔ እናቴን እንዲመልስልኝ ስጠብቅ ስለ እንቅልፏ ነገረኝ ብዬ ለብዙ ዓመት ተቀየምሁት። ለወራት ዓይኗን ያልከደነች ሰው መሆኗን፣ ያ እንቅልፍ ምን ያህል ስጦታ እንደነበር የገባኝ ራሴ ወልጄ፣ የታመመ ልጅ ስታቀፍ ነው። አባቴን ይቅር በለኝ ለማለት በሕይወት አገኘሁት፤ ስለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ።

ዛሬ አባቴም ሐጅም የሉም። ገዳሪፍ ራክሻ በሚሏት ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ተሞልታለች፤ ጦርነት ያፈናቀለው ሰው ሁሉ በእሷ ይመላለሳል። ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ሲይዛት እኛም በዚያችው ተሳፈርን። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ይበራል።

“ቀስ በል፣ የኔ ልጅ” አልሁት።

“ኻልቲ” አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፤ “ቀስ ካልሁ ጭቃው ይይዘናል።” እውነቱን ነው።

በሰላም ደረስን፤ ልጄም ሕፃኗም ደህና ናቸው፣ ስሙ ይመስገን። አባቴ ለእናቴ መኪና ማለስለስ ያውቅ ነበር። እኔ እንዲያ ያለ ሙያ የለኝም። ክንዴን ከልጄ ወገብ ሥር አስገብቼ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከፍ አደረግኋት።