የሰባት ወር ልጅ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም ልጄን ወልጄ ገና አራስ ሳለሁ፣ ጎረቤት ገንፎ ሊበላ በተሰበሰበበት ዕለት ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት ልማድ ነው። እዚህ ግን እሷ ነው የምላት።

የተጋባነው ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። የወለድኩት በጳጉሜ። ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ቆማ ከየካቲት ጀምራ ወራቱን በጣቷ ቆጠረች። ነሐሴ ላይ ስትደርስ ሰባት ጣት ታጥፏል። «ጳጉሜን እንመርቅላት» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ በዚያው ቅጽበት አለቀሰች።

«የሰባት ወር ልጅ እንዲህ አታለቅስም» አለች። አሁን የሳቀ አልነበረም።

መልስ መስጠት እችል ነበር፤ ልጄን ገልጬ ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን አራስ ልጅ ለሰው ዓይን አይገለጥም። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ብብቴ ሥር ነበረች፤ የጋቢው ውፍረት ደግሞ የደህና ልጅ ያህል ነበር። ድንገት ምጥ ይዞኝ ቤት ስለወለድኩ የመዘናት ሐኪም የለም። የእኔ እናት ሩቅ አገር ታማ ተኝታለች። ምን ያህል ትንሽ እንደነበረች የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና በየጠዋቱ የምታጥባት። የምታጥባት እሷ ነበረች።

ባሌ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እህቱን ሰምቷል፤ ወሬው በሐይቅ ዳር ከተማችን አዲስ ከተማ የሚባለውን ሰፈራችንን አዳርሶ ሲመለስም ሰምቷል። ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ግን ልጁን አላቀፋትም። በሰማንያኛው ቀን ካህኑ ሲጠሩት ተቀበላት። በኋላ ወደዳት፣ አልክድም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን የመለሰልኝ የለም።

ባሌ ባረፈ በዓመቱ ልጄ ለሙት ዓመቱ ከምትኖርበት አገር መጣች፤ ነፍሰ ጡር ሆና። ባሏ እዚያው ሥራ ላይ ቀረ። መመለሻዋ ሲቃረብ የአየር መንገዱ ቢሮ እርግዝናዋ ስለገፋ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል አላት፤ ስንት ወሯ እንደሆነ፣ ለመብረርም እንደማያሰጋት የሚገልጽ፣ ያውም ለበረራው ቀን ቅርብ የሆነ። ትንሽ ብትዘገይ ደግሞ በደብዳቤም አያሳፍሯትም። ከቀረች እዚህ ትወልዳለች። ባሏ ፈቃድ የሚያገኘው ልጁ መዳህ ሲጀምር ነው።

ጎረቤቶቼ «እናቷ ጋ ብትወልድ ምን አለበት? ገንፎው፣ አጥሚቱ» ይሉ ነበር። እኔ ግን ሕፃኑን አባቱ በመጀመሪያው ቀን እንዲያቅፈው ፈለግሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለልጄም።

ወደ ክሊኒክ የሄድን ዕለት ባጃጁ በር ላይ ሲቆም አክስቷ፣ ያችው የባሌ እህት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። የጠራቻት ልጄ ናት። ልጄ የገንፎውን ቀን ነገር አታውቅም፤ አክስቷን ትወዳለች፣ አንቺ ትላታለች። ሦስታችን ከኋላ ተጣበቅን። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አክስቲቱ ሆዷን በእጇ ትደግፍላታለች።

«ይሄ መንታ ነው፤ አንድ ልጅ ይህን ያህል ቦታ አይዝም» አለች።

«አንዱን ላንቺ እተውልሻለሁ» አለቻት ልጄ።

«ተይልኝ፤ እናትሽ እንደሆነች ለእኔ ምንም አትሰጠኝም።»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። እኔ ወደ ሐይቁ በኩል አየሁ።

ዶክተሯ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ተራችን ደርሶ ስንገባ ለሁለታችንም አሮጊቶች ወንበር ሰጠችን። የልጄን ደም ግፊት ለካች፤ ስኳር፣ መድማት፣ እብጠት ነበረሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሁሉም የለም። ደስ አለኝ፤ ብዕሯን ስታነሳ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ እሷን ሲወልዱ ወሯን ጨርሳ ነበር?»

ለምን እንደምትጠይቅ ገባኝ። እናት ያለ ጊዜዋ ከወለደች ልጅም እንዳትወልድ ይፈራል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ምጥ ቢመጣ አዋላጅ የለም። በጊዜዋ ተወልዳለች ብል ልጄ ደብዳቤዋን ታገኛለች፤ ግን ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ስም በራሴ አፍ፣ ያወጣችብኝ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አጸድቅላታለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ በረራው ይቀር ይሆናል። ልጄ አልጋው ላይ ሆና ቀና ብላ አየችኝ።

ስሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንጃ። አውሮፕላን ውስጥ ብቻዋን ስታምጥ ታየኝ።

«በሰባት ወሯ ነው» አልኩ።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። ክፋት አልነበረውም። ድሮ ብዙ ሰው ሰባት ወር ይል እንደነበር፣ አንዳንዱ የሠርጉን ቀን አስቦ እንጂ የልጁን መጠን አይቶ እንዳልሆነ ነገረችኝ። በእርግጥ ትንሽ እንደነበረች ማወቅ እንዳለባት፣ ምርመራውም ከዚያ እንደሚለይ አስረዳችኝ። ፊቴ ጋለ። ያኔ የተባልኩትን አሁንም ተባልኩ፤ በጨዋ ቋንቋ።

«ያያት ሌላ ሰው አለ?» አለች።

ልጄ «አክስቴ አለች፣ አሳድጋኛለች» አለቻት።

አክስቲቱ ነጠላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች። ወደ እኔ አላየችም።

«እኔ ነኝ ያጠብኳት» አለች ለዶክተሯ። «እዚህች መዳፌ ላይ ነበር የምትተኛው። ጭንቅላቷ የብርቱካን ያህል ነው። ቅንድብ የላት፣ ጥፍሯ የጣቷን ጫፍ አልደረሰም። ጡት መሳብ አቅቷት እናቷ እያለበች በጥጥ ነው ያጠባናት። ወሯን ያልጨረሰች ነበረች፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

«ታዲያ እንዴት አለቀሰች?» አልኩ። አመለጠኝ።

«እንደ ድመት ነበር» አለች፤ አሁንም ለዶክተሯ። «ጆሮ ያለው ይሰማ ነበር።»

ለምን እንደተናገረች አልጠየቅኋትም። ለወንድሟ ልጅ ፈርታ ይሆናል። ለእኔ ብላ አይደለም፤ ይህን ምስጋና አልሰጣትም።

ዶክተሯ ፈገግታዋን ትታ ጓንት አጠለቀች። እንዲህ ከሆነ የማህፀኗን በር ማየት አለብኝ አለችና ልጄን እንደገና አስተኛቻት። አልትራሳውንዱን ወደ ራሷ አዞረች። እኔ የምችለውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። አክስቲቱ የልጄን እግር ይዛለች። ዶክተሯ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ማያ ገጹን ወደ እኛ መለሰችው።

«ዝግ ነው። አላጠረም፣ ረጅም ነው። ምንም የሚያሰጋ ነገር አላይም» አለች። «ልጁም አንድ ነው፣ ወሩም ልክ እሷ እንዳለችው ነው። ትሂድ።»

ዶክተሯ ደብዳቤውን እየጻፈች ልጄን ትመክራታለች፦ ውኃ ጠጪ፣ እየተነሳሽ ተራመጂ፣ ቀበቶውን ከሆድሽ በታች እሰሪ። አንዱም አልተያዘልኝ። ማኅተሙ ሲያርፍ ብቻ ሰማሁ። ውጭ ስንወጣ ነፋሱ ከሐይቁ ይነፍስ ነበር፤ ለሰው የማልነግረው ዓይነት ደስታ ተሰማኝ፣ ጫማ አውልቄ የቆምኩ ያህል።

«መንታ አይደለም እንግዲህ» አለቻት ልጄ።

«ማሽኑ ይሳሳታል» አለች አክስቲቱ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ ደብዳቤውን አነበበች፣ የልጄን ሆድ አየች፣ ወረቀቱን መለሰችና «መልካም ጉዞ» አለቻት። ይኸው ነው። ልጄ ዞር ብላ እጇን አውለበለበች። እዚያ ወሯን ጨርሳ በሰላም ተገላገለች። በመጀመሪያው ሰዓት የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ፤ አባቱ ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ ሕፃኑ ምንም አልለበሰም፣ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እንዲሸፍኑት ልነግራቸው ስልኩን አነሳሁና ተውኩት።

በቀጣዩ እሁድ፣ ያን ዕለት ገንፎዬን ከበሉት ሴቶች በሕይወት ያሉትን ምሳ ጠራሁ። እሷንም ጠራሁ። ሁሉም ሲቀመጡ፣ «እትዬ፣ ለዶክተሯ የነገሩትን ለእነሱም ይንገሯቸው» አልኳት። ነገረቻቸው። ከዚያ የዓሣ ወጡን አቀረብኩ።