ሽፈራው ባሕር ያየበት ከተማ

ሽፈራው ከቻይና ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ግን እስካሁን እዚያው ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ስካርቦሮ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ሲበላሽ «ቻይና ቢሆን ይሄኔ ተጠግኖ ነበር» ይላል። አውቶቡስ ሲዘገይበት በረዶ ላይ እንደ ቆመ፣ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ስለሚበረው ባቡር አጠገቡ ለቆመ ሰው ሁሉ ያስረዳል። ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት የሰበኩ ዕለት እንኳ ከጸሎቱ በኋላ ጠብቆ አገኛቸውና ስለ ቻይናውያን ትዕግሥት ጥቂት ጨመረላቸው። ሚስቱ ውብአለም «ሦስት ዓመት ኖሮ የሠላሳ ዓመት ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ካያችሁ የእኔ ባል ነው» ትላለች፤ ስትለው ግን እየሳቀች ነው።

ሰውየው ቻይና የሄደው ለሽርሽር አልነበረም። ኢቶቢኮ ውስጥ በርና የኩሽና ቁም ሳጥን ከውጭ እያስመጣ የሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ሲፈትሽ ኖሯል። ዓይኑ ጉድ ነው። የተጣመመ በር ካርቶኑ ሳይከፈት ያውቃል ይባልለት ነበር። ድርጅቱ ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምር አለቃው ጠራውና «ጉድለቱን እዚህ ከደረሰ በኋላ ከምታይልን፣ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ሳይጫን ብታይልንስ?» አለው። ፋብሪካው ያለው ፎሻን በምትባል የደቡብ ቻይና ከተማ ነው። ምርጫው ወይ ፎሻን፣ ወይ ሥራ ፍለጋ ሆነ። ውብአለም ያኔም እንደ ዛሬው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ልጃቸው ሃሌሉያ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሦስቱም ሳሎን ውስጥ ተንበርክከው ጸለዩና ሽፈራው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በስልክ የመጣው ወሬ ሌላ ነው። ሽፈራው በሁለት ወሩ ቻይንኛ ለመደ። በስድስት ወሩ ገበያ ውስጥ ዋጋ ሲከራከር ሕዝብ ቆሞ ያየው ጀመር። በእያንዳንዱ በዓል በባቡር እየወጣ አገር ጎበኘ፤ ተራራ ወጣ፣ ግንብ ነካ። የወሬዎቹ ሁሉ ዘውድ ግን የፉጆ ባሕር ነው። በግንቦት በዓል ፉጆ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዶ፣ መስኮቱ ባሕሩን የሚያይ ሆቴል ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ በልቶ ተመለሰ። ፎቶም አለው። ፎቶውን ያየች ሃሌሉያ «ዳዲ፣ ዛት ኢዝ ኤ ሪቨር» ብላው ነበር። «የባሕሩ ጫፍ ነው» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ባለፈው መጋቢት አንድ መልእክት መጣለት። የፋብሪካው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ የነበረችው ወይዘሮ ሊን ቶሮንቶ ናት። ወንድ ልጇ እዚሁ ስካርቦሮ ይኖራል፤ ሚስቱ ስለወለደች ሊን ልትጠይቅ መጥታለች። ሽፈራው ደስታው ወሰን አጣ። ወዲያው ቅዳሜ ምሳ ጋበዛት። ይኸም አልበቃው፣ የቤት ኅብረት ጸሎታቸው መሪ የሆነውን ወንድም ሃብታሙን፣ የኅብረቱን ሽማግሌ ጋሽ ሙሉነህን፣ እንዲሁም ባሏ ስፖንሰር አድርጓት ከመጣች አራት ወር የሆናትን አዲስአለምን ጠራ።

«ምነው ሰው አበዛህ?» አለችው ውብአለም።

«የባዕድ አገር እንግዳ በወግ ነው የሚስተናገድ» አለ። ቻይንኛውን ሰው እንዲሰማለት መፈለጉን ውብአለም ሳይነግራት ገብቷታል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሊን ልጅ እናቱን በር ላይ አድርሶ፣ ሥራ ስላለበት ዐሥር ሰዓት ገደማ ተመልሶ እንደሚወስዳት ነግሮ ሄደ። ሊን አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። አንድ ከረጢት መንደሪን ይዛለች። ሽፈራውን ስታየው ጀርባውን በመዳፏ መታችው፤ ከሲታ ሆነሃል ማለቷ እንደሆነ ማንም ሳይተረጉም ገባው። ውብአለም ለእንግዳዋ ለብቻ ሩዝ ቀቅላ ነበር፤ ሊን ሩዙን ገፋ አድርጋ እንጀራውን በሁለት ጣቷ አነሳችና ዓይኖቹን ወደ ብርሃን ይዛ ትመረምር ጀመር። ምስር ወጡን ቀምሳ አንድ ነገር ተናገረች።

«ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነሽ ትልሻለች» አለ ሽፈራው።

አዲስአለም ቀና አለችና መልሳ አቀረቀረች። ሊን ያለችው ጨው አንሶታል ነበር።

ሌላውም ሰው ጸሎት አድርሶ መብላት እንደ ጀመረ ጋሽ ሙሉነህ «እስቲ ጠይቃት፣ አንተን መጀመሪያ ስታይህ ምን ታዘበች?» አሉት።

ሽፈራው ጠየቀ። ሊን ማንኪያዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ እያሳየች፣ እየሳቀች፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገረች። ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቋንቋ ቶሎ የሚገባው ሰው ነው፣ ትላለች።»

«ይሄን ሁሉ ተናግራ?» አሉ ጋሽ ሙሉነህ።

«ቻይንኛ ረጅም ነው።»

አዲስአለም ትን አላት። ሃሌሉያ ውኃ አቀበለቻት። «ምነው ልጄ?» ሲሏት «ምንም፣ ቃሪያው ነው» አለች፤ ሳህኗ ላይ ግን ቃሪያ አልነበረም።

ወንድም ሃብታሙ ደግሞ በቅን ልቡ «ስለዚያ ስለ ፉጆ ባሕርም ታውቃለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሽፈራው ይህቺን ጥያቄ ሊዘላት ፈልጎ ነበር፤ ሊን ግን «ፉጆ» የምትለዋን ቃል ሰማች። ጭኗን መታች። ከወንበሯ ተነሥታ በምናብ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንዴ እንደ ሽፈራው፣ አንዴ እንደ ራሷ፣ አንዴ እንደ ሦስተኛ ሰው እየሆነች ተናገረች። መጨረሻ ላይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሆነች።

«ባሕሩን ሳይ ደውዬ ነግሬያት እንደነበር ታስታውሳለች» አለ ሽፈራው ላቡን እየጠረገ። «በጣም ቀንታብኝ ነበር።»

አዲስአለም አፏን በሶፍት ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋ ይወርዳል። ሊን አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ሦስት መቶ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት፣ ማን ምን እንደገባው ታውቃለች። ወደ አዲስአለም ጎንበስ ብላ በቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። አዲስአለም መለሰች። ደግማ ጠየቀቻት፤ አዲስአለም እንደ ጎርፍ መለሰች።

የሽፈራው ጉርሻ አፉና ሳህኑ መካከል ቀረ።

«አንቺ ልጅ ቻይንኛ ትችያለሽ?» አለች ውብአለም።

«ቻይና፣ ዉሃን የሚባል ከተማ ነው የተማርኩት፤ የውኃ ምህንድስና። ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«ስድስት ዓመት! እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ጋሼ ሲያወሩ ደግሞ ማቋረጥ ደበረኝ።»

«ኦ ማይ ጎሽ» አለች ሃሌሉያ ወንበሯን እየሳበች። «ፕሊስ ትራንስሌት አድርጊልን። ኤቭሪ ዎርድ።»

አዲስአለም ግን ጨዋ ናት። ወደ ሽፈራው ዞረች። «ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?»

ሽፈራው ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ» አለ። «ንገሪያቸው።»

እንዲህ ነበር። ሽፈራው ፋብሪካው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሊን ዘንድ ሄዶ መረቅ ስጪኝ አለ። በቻይንኛ መረቅና ስኳር የሚለያዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው፤ እሱም ስኳር ብሎ አረፈው። ሊን እየገረማት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ስኳር ሰጠችው። ሽፈራው የአገሩ ባለቤት ናትና አላሳፍራትም ብሎ በማንኪያ ጨረሰው። በማግሥቱም ያንኑ ጠየቀ፤ ያንኑ ሰጠችው። አምስት ቀን። የአፍሪካ ሰው ምሳው ስኳር ነው ተብሎ በፋብሪካው ተወራ።

ፉጆም እንደዚያው ናት። ለእኛ ጆሮ ፉጆ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ። አንዷን ድምፅን ወደ ላይ አንሥተው ነው የሚጠሯት፤ እሷ ባሕር አላት። ሌላዋን ዝቅ አድርገው፤ እሷ የመሐል አገር ናት፣ ያላት ወንዝ ነው። ሽፈራው ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ቆሞ በኩራት ዝቅ አድርጎ ጠራ። ከባቡር ወርዶ ሦስት ሰዓት በእግሩ ባሕር ፈለገ። ያገኘውን ሁሉ «ባሕሩ የት ነው?» ይላል፤ ሰዎቹ ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ ይስቃሉ። መጨረሻ ለሊን ደወለ። ሊን «ስልኩን አጠገብህ ላለው ሰው ስጥ» አለችው። አጠገቡ የነበረችው ኑድል የምትሸጥ ሴት ናት። ሁለቱ ሴቶች ስልኩን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ፤ ሽፈራው ሻንጣውን ይዞ ቆመ።

በዓል ስለሆነ ባቡሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ትኬት የሚገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ኑድል ሻጯ ከሱቋ ጀርባ አልጋ ዘረጋችለት። ሽፈራው ሲገባ የሱቁን በር አየ። ታች ይጎተታል፣ ላይ አይገጥምም፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር በወንበር ይደግፉታል። ዓይኑ አላስቻለውም። መፍቻና ሞረድ ተበድሮ ማጠፊያዎቹን ፈትቶ፣ ጫፉን ሞርዶ፣ ሁለቱን ቀን እዚያ በር ላይ ዋለ። ሲጨርስ የጎረቤት ሱቆች ሁለት በር አመጡለት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሊን ዘንድ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «የበሩ ሰው ደኅና ነው?» ብላ ነው።

አዲስአለም ስትጨርስ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ጋሽ ሙሉነህ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽፈራው ራሱ መጀመሪያ በግድ፣ ኋላ ከልቡ ሳቀ። ውብአለም ግን ትንሽ ስቃ ሳህን ሰበሰበችና ወደ ኩሽና ሄደች። ሽፈራው ተከተላት።

«ተቀየምሽኝ?»

«እኔኮ ባልየው ባሕር ዳር እየተዝናና ነው ብዬ ያን ሰሞን ስቀናብህ ከርሜያለሁ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ለምን ዋሸኸኝ ሽፌ?»

ሽፈራው ማቀዝቀዣውን ተደገፈ። «አንቺ እዚህ ደራርበሽ ሺፍት ትሠሪያለሽ። ልጄ የትምህርት ቤት ፕሮግራሟን ያለ እኔ ታሳልፋለች። እኔ ደግሞ ባቡር ተሳስቼ በር ስጠግን ዋልኩ ልበልሽ? ከቤቴ ከቀረሁ አይቀር፣ ባሕር እንኳ ያየሁ ልምሰል ብዬ ነው።»

ውብአለም ውኃውን ዘጋችው። ዞራ አየችው።

«ባሕርማ ማንም ያያል» አለች። «በሩ በደንብ ገጠመ?»

«በአንድ ጣት ነው የሚዘጋው። ድምፅ እንኳ የለው።»

«በል ና፣ እንግዳዋን ብቻዋን አንተዋት። ደግሞ ወጤን ምን እንዳለች አዲስአለምን እጠይቃታለሁ።»

በማግሥቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ምእመናኑ ታችኛው አዳራሽ ሻይ ሲጠጡ፣ ጋሽ ሙሉነህ ከአጠገባቸው ወንበር ሳቡ። «ና እስቲ ሽፈራው፣ እዚህ ተቀመጥ። ግንቡንና ተራራውን በቴሌቪዥንም አይቼዋለሁ። ያንን የጠፋህበትን ንገረኝ።»

ሽፈራው መጀመሪያ ተግደረደረ። ከዚያ ጀመረ። ሰው ተሰበሰበ፤ ከዚህ በፊት የቻይና ወሬ ሲጀምር ኮቱን ይፈልግ የነበረው ወንድም ሃብታሙ እንኳ ሻይ ደግሞ ተቀመጠ። ሽፈራው ዝቅ ያለውን ፉጆና ከፍ ያለውን ፉጆ በድምፁ እያሳየ፣ ከባቡር ወርዶ ባሕር ፍለጋ የተጓዘበት ላይ ደረሰ።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ!» አለ።

አዲስአለም ከጠረጴዛው ማዶ ብስኩት እየበላች ሦስት ጣቷን አነሣች።

«ሦስት» አለ ሽፈራው። «ሦስት ሰዓት። ግን ፀሐዩ!»