ያልተደረገው ኦፕራሲዮን

እህቴ ሰባት ዓመት ዱባይ ኖራለች፤ ዱባይን ግን አላየችም። ይህን ስትናገር ሰው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ገና በሃያ ዓመቷ ከመርሳ ወጥታ ሰው ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ የምታውቀው ከተማ የአንድ ቤት ኩሽና፣ የአንድ ቤት ደረጃና የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያወራለትን ረጅም ፎቅ ያየችው ሕፃን ታቅፋ ከመኪና መስኮት ነው፤ ያውም ወገቡን እንጂ ጫፉን አይደለም። ተመልሳ መርሳ ላይ የልብስ ሱቅ ከፍታ ኑሮዋ ሲደላደል ለእኔ አንድ ነገር ትደጋግምልኝ ጀመር፦ «አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኜ ልያት። ማንንም ሳላገለግል፣ የራሴን ሻንጣ እየጎተትኩ።» ብቻዋን መሄድ ግን ፈራች። እኔ ታናሿ ወልድያ ተቀጥሬ የምሠራ፣ አውሮፕላን ተሳፍሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። አብረን እንሂድ ስትለኝ ያንገራገርኩት ለይሉኝታ ያህል ነው።

ትኬቱ የተቆረጠው የሰሜኑ ጦርነት ከእኛ ሩቅ በነበረበት ጊዜ ነው። የጉዞው ሳምንት ሲደርስ ግን ሐምሌ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ወሬው ከአላማጣ ወደ ቆቦ እየወረደ፣ የሠፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ለዘመቻ እየተመዘገበ ነበር። እናቴን ልሰናበት መርሳ ስደርስ የጎረቤታችን ግቢ በሴቶች ተሞልቷል። በሶው ይወቀጣል፣ ዳቦ ቆሎው ይጠበሳል፤ የዘማቾች ስንቅ ነው። ጎረቤታችን ከእናቴ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጡ ሙስሊም ሴት ናቸው። በሁለቱ ቤቶች መሐል ባለው አጥር ላይ በር የተከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ተዘግቶም አያውቅም። ወንፊታቸውን እንደያዙ ቀና አሉና «የኔ ልጅ፣ ከእህትህ ጋር ልትሄዱ ነው አሉ፤ ወዴት ነው መንገዱ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሴቶቹ እጃቸውን ገታ አድርገው አዩኝ። አንዷ ልጇን የሸኘችው ትናንት ነበር። እዚያ መሐል ቆሜ «ፎቅ ልናይ» እንዴት ልበል? «ለሕክምና ነው እማማ» አልኩ። «እህቴ የሐሞት ጠጠር አለባት።» ጠጠሩን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ወለምታስ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። እኔ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

እናቴ ሙቀጫው አጠገብ ነበረች። ጉዞ እንዳለን እንጂ ወዴትና ለምን እንደሆነ ለእሷም ገና አልነገርናትም ነበር። ዘነዘናውን አስቀምጣ «ለምን ደበቃችሁኝ?» አለችኝ። ለብቻዋ ጠርቼ እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ግን እናቴ ከጎረቤታችን የምትደብቀው ነገር ኖሯት አያውቅም፤ ለእሷ መንገር ለሠፈሩ መንገር ነው። ስለዚህ ተውኩት። እህቴ ስትሰማ «ሟርተኛ! በጤናዬ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ የሴቶቹን ስንቅ በአጥሩ በኩል አየችና «ይሁን» አለች። እንዲህ ሆነን ተስማማን።

በማግስቱ ጎረቤታችን ዱዓ አስደረጉ። በእኛ አገር ሕመምተኛ ሩቅ አገር ሲሄድ በባዶ አይሸኝም። ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጠ፤ እህቴን ነጠላ አከናንበው መሐል አስቀመጧት። ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ «አፊያዋን ይመልስላት» ባሉ ቁጥር ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» እንላለን። እህቴ ነጠላው ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ሰው ሕመሙ መሰለው፤ እኔ ሳቋ እንደሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የእናቴን እጅ ይዘው «ይቺ በእኔ አደራ ናት። ልጇ ታክማ እስክትመለስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም» አሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ጊዜ እንኳ ያፈርኩ አይመስለኝም፤ ነገሩ በመሳካቱ ነበር የገረመኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ እህቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ድሮ የሄደችው ኤጀንሲው አንድ ዓይነት ሻርፕ ካሰረላቸው ልጆች ጋር ነው። ምግቡ ነጻ መሆኑን የነገራቸው ስላልነበረ ብዙዎቹ ጦማቸውን ደረሱ። አሁን ግን ጭማቂውን ሁለቴ አስቀዳች። እኔ የወንበሩን ቀበቶ መፍታት አቅቶኝ ስታገል አይታ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ ሐሞትህ እንዳይፈስ» አለችኝና ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ገንፎ እንፋሎት ፊታችን ላይ ተለጠፈ። እህቴ ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በእንጨት ጀልባ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን የባሕር ወሽመጥ ሦስት ጊዜ አቋረጥን፤ አራተኛውን እኔ እምቢ ስል ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። የገበያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቤት በገዘፈ የመስታወት ገንዳ የሚዋኝ ዓሣ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነሳም አለች። በሦስተኛው ቀን የሠራችበትን ቤት አሳየችኝ። ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ደወሉን አልተጫነችውም። «በዚህ በር ተሸክሜ እንጂ ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም» አለችና እጆቿን እያወዛወዘች ሄደች። እህቴ እንደዚያ ስትራመድ አይቼ አላውቅም። ጉዞው ስለ እሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ደስ እያለኝ አወራው ነበር።

ማታ ማታ ለእናቴ እንደውላለን። አንድ ቀን በሙዚቃ የሚጨፍረው የውኃ ፏፏቴ አጠገብ ሆነን ስደውል «ምንድን ነው የሚዘፍነው?» አለችኝ። «የሆስፒታሉ ቴሌቪዥን ነው» አልኳት። «ታማሚ ባለበት?» ብላ ተቆጣች። ውሸቴ እያደር እግር አወጣ። ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ አልጋው ደህና ነው ወይ ስትለኝ ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

በስድስተኛው ቀን የአገራችን ወሬ ከፋ። ቆቦ ተይዛ ወልድያ ተጨንቃለች ይባላል። እህቴ «አሁኑኑ እንመለስ» አለች። ፎቁ ላይ የምንወጣበት ትኬት ግን ለማግስቱ ነበር። «ነገ አይተን እንመለስ፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል?» አልኳት። ልብ በሉ፣ ፎቁን የፈለገችው እሷ ነበረች፤ እንቅር ያለችውም እሷ ናት። እኔ ነኝ የጎተትኳት። ፎቁ ላይ ሳለን ስልክ እንዳይረብሸን ብዬም ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ነገ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ስትወጣ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ። እስከዚያ ከስልክሽ እንዳትርቂ» አልኳት። «የት እሄዳለሁ ልጄ፣ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ፎቁ ላይ ወጣን። ከላይ ሲታይ መኪናው ጉንዳን፣ ባሕሩ የተዘረጋ ጨርቅ ነው። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ እህቴን ቪዲዮ አነሳኋት፤ እጇን ዘርግታ፣ ፀጉሯን በትና፣ ወዲያና ወዲህ ስትል። ወርደን ምሳ ስንቀመጥ ስልኬን አየሁት። እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ስደውል ያቺ የቴሌ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ። እስከ ማታ ደወልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አራት ወር ከምናምን የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ተመልሰን ዘመድ ቤት ተጠጋን። መንገዱ ተዘግቷል። ከመርሳና ከውርጌሳ የተፈናቀለ ሰው ተገኘ በተባለበት ሁሉ እየሄድን እንጠይቃለን፤ እናታችንን አየሁ የሚል ጠፋ። እህቴ እኔን ማነጋገር ቀነሰች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል «ፎቁን በእናታችን ለውጠን አየነው» አለች። ቪዲዮውን አጥፋው አላለችኝም። እኔም አላጠፋሁትም፤ ለማየት ግን አልደፈርኩም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት መርሳ ገባን። እናቴ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ግማሿ የለም፤ ቀሚሷ ብቻ ነው ድሮ የማውቀው። እያለቀሰች አቅፋን ከሳመችን በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው የእህቴን ሸሚዝ ገልጦ ሆዷን ማየት ነው። በጣቷ ከጎድን አጥንቷ በታች ዳሰሰች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ፈለገች። «ስፌቱ የታል?» አለች።

«እዚያ አገር በጨረር ነው እማዬ፤ ጠባሳ አይተውም» አልኳት፤ ከእህቴ ቀድሜ።

እናቴ ፊቴን አየችኝ። ሸሚዙን ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችና «ግቡ፣ ብርድ ነው» አለች። ያን ጊዜ እንዳወቀች አወቅሁ። እስከ ዛሬም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ሦስት ጊዜ ለምን እንደደወለች የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ተኩሱ ሲቃረብ የጎረቤታችን ልጅ የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ «ሁላችሁም ውጡ፣ ደሴ እንሂድ» ብሎ ነበር። እናቴ እምቢ አለች። «መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። ልጄ ኦፕራሲዮን ላይ ናት፤ ስትወጣ ይደውሉልኛል። ሳልሰማ አልንቀሳቀስም» አለች። የደወለችው «ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?» ልትለኝ ነበር። እኔ ቪዲዮ እያነሳሁ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ያኔ እናቱን ያዘ፤ እሳቸው ግን «አደራ በልቼ የት እደርሳለሁ? የልጅ ጭንቅ ይዟት ብቻዋን አልተዋትም» ብለው መኪናውን ያለ እሳቸው አስኬዱት።

እሳቸው የስኳር በሽታ አለባቸው። መድኃኒታቸው በወሩ አለቀ፤ በከተማው የሚሸጥበትም የሚታደልበትም ቦታ አልቀረም። እናቴ እስከ ግራና ከተማ ድረስ በእግሯ ሄዳ ፈልጋ ባዶ እጇን ተመለሰች። ኅዳር ላይ ዓይናቸው መጋረድ ጀመረ። እኛ ስንመጣ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት።

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በር፣ በእናቴ እጅ እየተመሩ፣ «እንኳን ማረሽ» ሊሉ መጡ። የእህቴን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «ወፍረሻል፤ አፊያ ሆነሻል» አሉ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ ማር አወጡ። «መሬት ቀብሬ ነው ያቆየሁልሽ። እኔማ ስኳር ነኝ፣ አልቀምሰውም። ከቢላ ለወጣ ሰው ማር ነው።» እህቴ ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባችና አልወጣችም። ሲሄዱ ጠብቃ አንገቴን ያዘችኝ፦ «አንተ ነህ የዋሸህ፣ አንተ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ግን ከአንተ አፍ መስማት አለባቸው።» እሺ አልኳት። ምዬም ነበር።

ጥር ላይ ዓይናቸውን ለማሳየት አዲስ አበባ ወሰድናቸው፤ እኔና እናቴ። እህቴ ሱቋን መልሳ ልታቋቁም ቀረች፤ በእኔ ግምት ግን የቀረችው ዓይናቸውን ማየት ስላልቻለች ነው። በመንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ውርጌሳን ስናልፍ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው «ያቺ ልጅ እዚያ ሩቅ አገር ሄዳ ከዳነች እኔም አዲስ አበባ አይሳነኝም፤ ኢንሻአላህ» አሉኝ። ደሴን ስናልፍ አንቀላፍተው ነበር። ከደሴ በኋላ ምክንያት አላስፈለገኝም፤ ዝም ብዬ ሄድኩ።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው። በመብራት ሲያያቸው ቆየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ቢያንስ አንዱን ዓይን ማትረፍ ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን የሚመለስ ነገር እንደሌለ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ከዚያ፣ ለመውቀስ ሳይሆን ከልቡ አዝኖ፣ «እናቴ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እርስዎ ለምን ቀሩ?» አላቸው።

«ጎረቤቴ ልጇ ኦፕራሲዮን ላይ ሆናባት» አሉ። «የዚህ ልጅ እህት ናት፤ ሩቅ አገር። እናቲቱን ብቻዋን ጥያት ልሂድ?» ድምፄን ፍለጋ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ትንሽ አልፈውኝ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። «አይደል የኔ ልጅ? የዚያን ዕለት አልነበር?»

እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣለች። አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጠበቀችኝ።

«አዎ እማማ» አልኩ። «የዚያን ዕለት ነበር።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እህትህስ አሁን ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እሳቸው፤ ፊታቸው በእውነት በራ።