የእናቴን ስም የደበቅሁበት ወረቀት

ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሥነ ልቦና ትምህርቶቻችን አንዱ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሰዎች ግንኙነት ነበር። መምህራችን ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። የሰጠን ሥራ ከተጣላ ሰው ጋር ተነጋግረን ስለ ይቅርታ የሚያስበውን መጻፍ ሲሆን፣ የሰውየው ስም ግን መቀየር አለበት።

እኔ ሰው ቀርቤ መጠየቅ አልችልም። ዶርም ውስጥ ጨው ለመዋስ እንኳ ሄጄ፣ በር ላይ ቆሜ የምመለስ ነኝ። ስለዚህ ለእረፍት ወደ አገሬ ይጁቤ ስሄድ እናቴን ጠየቅኋት። ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

እናቴና ታላቅ እህቷ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አያቴ ስትታመም አክስቴ ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰዳት ብላ ነበር፤ እናቴ ግን መጀመሪያ ጸበል ትጠመቅ አለች። አያቴ በሦስተኛው ቀን እዚያው ጸበሉ ዘንድ አረፈች። አክስቴ በለቅሶው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የገደልሻት አንቺ ነሽ» አለቻት። ይህን አገር ያውቀዋል። አገር የማያውቀው እናቴ በዚያ ቀን ዓይኗን ከባቄላው ሳታነሣ የነገረችኝን ነው።

«እውነቷን ይሆናል እላለሁ። የማልታረቃት ጠልቻት አይደለም። ፊቷን ባየሁ ቁጥር ያደረግሁት ነገር ይታየኛል።»

ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም አልተናገረችውም። እኔ ቃል በቃል ጻፍሁት።

ስሟን በምን እንደምቀይረው ብዙ አሰብሁ። የፈጠርሁት ስም ሁሉ የሌላ ሴት እየሆነ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ የክርስትና ስሟን ጻፍሁ። ጎረቤት እንኳ በዓለም ስሟ ነው የሚጠራት። የክርስትና ስሟን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ያውቃል? ብልህ የሆንሁ መሰለኝ።

ዓርብ ዕለት መምህሩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ መልሶ አደለን። «የጓደኛችሁን አንብባችሁ አስተያየት ጻፉበት። ሰኞ ጥሩ ጥሩዎቹን ጮክ ብለን እናነባለን።»

የእኔ ወረቀት ከፊቴ ለተቀመጠው ዲያቆን ደረሰው። እሱም የይጁቤ ልጅ ነው። በእረፍት ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ያገለግላል፤ ሰዎች ጸልዩልን ብለው የሚሰጡትን የክርስትና ስም ዝርዝር የሚያነበው እሱ ነው። ይህ ትዝ ያለኝ ወረቀቱ እጁ ከገባ በኋላ ነው።

«አባ፣ የማን ኃጢአት ደረሰህ?» አለው አጠገቡ ያለው ልጅ።

«የአንተ ቢደርሰኝ ኖሮ ሴሚስተሩም አይበቃኝ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋው። እኔ የያዝሁትን የሰው ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር አሥር ጊዜ አነበብሁት፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም።

ክፍሉ ሲለቀቅ ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ። መጥቶ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ።

«እናትሽ ናቸው አይደል?» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

«እባክህ ለማንም...»

«ለማን እናገራለሁ? ግን ቅዳሴ ላይ ሳያቸው አሁን ምን ልሁን?» ወረቀቱን እያየ «ፈቅደውልሻል?» አለኝ።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

«ሰኞ እንዳይነበብ አድርጊ። እዚህ ክፍል ከእኛ አገር የመጣነው አራት ነን።»

ሰኞ አይነበብብኝ ልለው ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድሁ። ገና ስገባ «ያንቺን ስሰበስብ አየት አድርጌዋለሁ፤ ሰኞ በእሱ ነው የምንጀምረው» አለኝ ደስ ብሎት። «እሺ» አልሁ። እምቢ ልል የሄድሁት እሺ ብዬ ወጣሁ። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ከላይ የምትተኛው ልጅ «ምን ሆነሻል፣ አልጋውን ልታፈርሺው ነው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ውስጥ ሦስት ሰው ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። እናቴ ስታየኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማ።» ሁሉንም ነገርኋት።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች።

ቆሜ አነበብሁላት። «እውነቷን ይሆናል» ያለችበት ላይ ስደርስ አቆምሁ። እሷ ግን «ቀጥይ» አለች። ስጨርስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ልጄ ስታጫውተኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ልትጽፊኝ ኖሯል።»

«ስምሽን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

«በምን?»

ነገርኋት። ትክ ብላ አየችኝ።

«ንስሐ በምገባበት ስም ሰው ፊት አቆምሽኝ?»

«ማንም አያውቀውም ብዬ ነው።»

«ያ ዲያቆን አነበበው?»

«አዎ።»

«ይብቃ። ሌላ ሰው እንዳያየው።»

«እማ፣ ውጤቴ...»

«አይነበብ አልሁ።»

ሰኞ መምህሩ ሲጠራኝ ተነሣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፈቃዴ ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም።

«ወረቀቴን አንስቻለሁ። ስለ እሷ የጻፍሁባት ሴት አልፈቀደችም።»

«ስሟን ቀይረሽ የለ? ማን ያውቃታል?»

«ሳልጠይቃት ነው የጻፍሁት።»

ከኋላ አንዷ ሳቀች። መምህሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና፣ በሳምንት ውስጥ ሌላ ካላመጣሽ ባዶ ነው የምሞላልሽ አለኝ። ዲያቆኑ ዞሮ አላየኝም።

ሌላ ጻፍሁ፤ ከዶርም ልጅ ጋር ተነጋግሬ፣ መፍቀዷን አስቀድሜ አስፈርሜ። ውጤቱም ክፉ አልነበረም። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ እንደ ድሮው ስደውል ታነሣለች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ ትነግረኛለች። ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ስላት ወዲያው አትመልስልኝም። ስልኩ የተቋረጠ እየመሰለኝ «እማ? እማ?» እላለሁ።

«አለሁ፣ ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ምንም አትጨምርም።