ያልገጠመው መስኮት

አጎቴ ከአሰላ እስከ ኢተያ ለስንቱ ቤት ነፋስ የማያስገባ መስኮት ሲሠሩ ኖረው፣ የራሳቸውን ሳሎን መስኮት ለምን ሳይገጥም ተዉት? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም።

የእንጨቱ መዝጊያ ከፍሬሙ ጋር አይገናኝም ነበር። ማታ ማታ ክፍተቱን በጋቢ ቁራጭ እየወተፉ፣ "ነገ አስተካክለዋለሁ" ይላሉ። በዕድሜዬ ገፍቼ ትምህርት ስጀምር የማጠናው እዚያው መስኮት ሥር ነበርና፣ "ሆን ብዬ ነው፤ ብርዱ እንቅልፍሽን ያባርርልሻል" ብለው ይቀልዱብኝ ነበር።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጨርቁን የምወትፈው እኔ ሆንኩ። የጭላሎ ብርድ አጥንቴ ድረስ ቢዘልቅም፣ ባለቤታቸው እትዬ የባላቸው የእጅ ሥራ ሲነቀል እንዳይከፋቸው ፈርቼ ዝም አልኩ። ባለፈው ክረምት ግን በዚያው ክፍተት የገባው ዝናብ መጽሐፌን አራሰውና አፌን አውጥቼ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ ይህን መስኮት በብረት ብናስቀይረውስ?"

እትዬ ትንሽ አዩኝና ሳቃቸውን ለቀቁት። "ወላሂ፣ እኔ እኮ አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እስካሁን የተንቀጠቀጥኩት!"

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ተነሥተው የጋቢውን ቁራጭ ከክፍተቱ መዘዙና አጥፈው ሰጡኝ።

"መስኮቱ ይሂድ። ይቺን ግን እንዳትጥያት።"